ከማመን በፊት መመርመር፦ ከክላውድ የመረጃ ቋት የሚመጣ ሰነድ በኮድ ውስጥ ስለሚነበብበት መንገድ

የመረጃ ቋት ማለት ኮምፒውተር በፈለገው ጊዜ መልሶ ሊያገኘው እንዲችል በሥርዓት የተቀመጠ መረጃ ሲሆን፣ ቋቱ በባለቤቱ ግቢ ሳይሆን በሌላ ተቋም የኮምፒውተር ማእከል ተቀምጦ በኢንተርኔት አማካይነት የሚነበብና የሚጻፍበት ከሆነ የክላውድ የመረጃ ቋት ይባላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ቋት መረጃ ማንበብ በሶፍትዌር ሥራ ውስጥ ቀላል ከሚባሉት ተግባሮች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል፤ ንባብ ምንም አያጠፋም፣ ምንም አይለውጥም፣ በጥቂት የኮድ መስመሮችም ያልቃል። ይህ ዲስኩር የሚሟገተው ግን ለዚህ አመለካከት ተቃራኒ ነው። ሰነድን መሠረት ባደረጉ የመረጃ ቋቶች ዘንድ የመረጃውን ትክክለኛነት የመመርመር ኃላፊነት ከአስቀማጩ ወደ አንባቢው ተሸጋግሯል፤ አንባቢው ኮድ ይህን ኃላፊነት ሳያውቅ ሲቀር ወይም እያወቀ ቸል ሲል፣ ጉድለቱ የሚጋለጠው በቋቱ ውስጥ ሳይሆን ገንዘቡን፣ ስሙን ወይም ተራውን በስልኩ ላይ በሚመለከተው ሰው ፊት ነው።

ኃላፊነቱ የተሸጋገረበትን መንገድ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኤፍ. ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃ በሠንጠረዥ መልክ የሚደራጅበትን ንድፈ ሐሳብ አቀረበ፤ ከዚያ ንድፈ ሐሳብ በተወለዱት ቋቶች ውስጥ እያንዳንዱ ዐምድ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ፣ ባዶ መሆን ይችል ወይም አይችል እንደሆነ አስቀድሞ ስለሚደነገግ፣ ድንጋጌውን የሚጥስ መረጃ ሲመጣ ቋቱ ራሱ በሩ ላይ ያግደዋል። ከዚያ በኋላ የመጡት የሰነድ ቋቶች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ የቀረበው ሞንጎዲቢ፣ ይህን በር ሰፋ አድርገው ከፈቱት። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተውን ፋየርቤዝ የተባለ ኩባንያ ጎግል በ2014 ከገዛው በኋላ፣ በ2017 ለሙከራ፣ በ2019 መጀመሪያ ደግሞ ለመደበኛ አገልግሎት የቀረበው ፋየርስቶር የዚሁ ወገን ነው። ይህ ዲስኩር ምሳሌዎቹን የሚወስደው ከፋየርስቶር ነው፤ ምክንያቱም የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ጀማሪ ባለሙያዎች በመካከል ሰርቨር ሳይኖር ከስልኩ በቀጥታ የሚያነቡት ቋት በመሆኑ ችግሮቹ ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚታዩበት ነው።

በፋየርስቶር አነጋገር ሰነድ ማለት ፊልድ የሚባሉ ስሞችና ከየስሙ ጋር የተያያዙ ዋጋዎች ጥምረት ሲሆን፣ ሰነዶች በአንድነት የሚቀመጡበት ማኅደር ኮሌክሽን ይባላል። በአንድ ኮሌክሽን ውስጥ ያሉ ሁለት ሰነዶች አንድ ዓይነት ፊልዶች እንዲኖሯቸው ቋቱ አያስገድድም፤ አንዱ ስልክ ቁጥር ሲኖረው ሌላው ላይኖረው፣ አንዱ ዕድሜን በቁጥር ሌላው በፊደል ሊይዝ ይችላል። ነገሩ በተጨባጭ እንዲታይ የአንድ እቁብ መዝገብ በስልክ መተግበሪያ ይያዛል ብሎ ማሰብ ይቻላል። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ሰነድ አለ፤ በሰነዱ ውስጥ ስሙ፣ ስልኩ፣ የሚከፍለው መዋጮና ዕጣ የወጣለት ቀን ተጽፈዋል። በመጀመሪያው ወር መተግበሪያው ዕጣ የወጣበትን ቀን ጨርሶ አይመዘግብም ነበር፤ በሦስተኛው ወር ፊልዱ ተጨመረ፤ በአምስተኛው ወር ደግሞ መዋጮውን ጸሐፊው በድረ ገጽ ቅጽ እንዲሞላ ሲደረግ ቅጹ ቁጥሩን በጽሑፍ መልክ ላከው። ቋቱ ሦስቱንም ዓይነት ሰነድ ያለ አንዳች ቅሬታ ተቀብሎ አስቀምጧቸዋል። ይህ ነጻነት ሥራን በፍጥነት ለመጀመር የሚሰጠው ጥቅም የሚናቅ አይደለም፤ ዋጋው የሚከፈለው ግን በንባብ ጊዜ ነው።

ኮዱ የአንድን አባል ሰነድ ሲጠይቅ ፋየርስቶር የሚመልሰው ሰነዱን ራሱን ሳይሆን ስናፕሾት የሚባለውን፣ ማለትም ሰነዱ በዚያች ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ የያዘ መጠቅለያ ነው። በተጠየቀው መለያ የተመዘገበ ሰነድ ከሌለም መጠቅለያው እንደ ባዶ ፖስታ ሆኖ ይመጣል፤ ስለዚህ ፖስታው መድረሱ በውስጡ ደብዳቤ ለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ጃቫስክሪፕት በተባለው የኮድ ቋንቋ ባዶው ፖስታ ሲከፈት የሚገኘው አንዲፋይንድ የሚባል፣ ምንም ዋጋ እንዳልተሰጠ የሚያመለክት ምልክት ነው፤ ከዚህ ምልክት ላይ ስም ወይም መዋጮ ለማንበብ የሚሞክር ኮድ በዚያው ቅጽበት ይወድቃል። የሰነዱን መኖር ለመጠየቅ ኤግዚስትስ የሚባል መንገድ ተዘጋጅቷል፤ ይሁን እንጂ በእርሱም ላይ ብዙ ባለሙያ የተሰናከለበት እንቅፋት አለ። ለድረ ገጽ በተዘጋጀው ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ እስከ 8ኛው ዕትም ድረስ ኤግዚስትስ እውነት ወይም ሐሰት የሚል ዋጋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 9ኛ ዕትም የአጻጻፍ ሥርዓት ግን ተጠርቶ መልስ የሚሰጥ ፋንክሽን ሆኗል፣ በሰርቨር ላይ በሚሠራው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ደግሞ ዋጋ ሆኖ ቀጥሏል። በአዲሱ አጻጻፍ ፋንክሽኑን ሳይጠራ ስሙን ብቻ በቅድመ ሁኔታ ውስጥ የጻፈ ሰው፣ ምርመራው ሁልጊዜ "እውነት" ይልለታል፤ ምክንያቱም የተመረመረው የሰነዱ መኖር ሳይሆን የመጠየቂያው መሣሪያ መኖር ነው። ምስክሩ ችሎት ፊት ስለቆመ ብቻ ሳይጠየቅ መስክሯል ብሎ እንደ መመዝገብ ያለ ስሕተት ነው።

ከዚሁ ጋር መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። በፋየርስቶር አንድ ሰነድ በሥሩ ሌላ ኮሌክሽን ሊኖረው ስለሚችልና ወላጁ ሰነድ ሲሰረዝ በሥሩ ያሉት አብረው ስለማይሰረዙ፣ የአባሉ ሰነድ ጠፍቶ የከፈላቸው መዋጮዎች ዝርዝር በቦታው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ልጆቹን ያገኘ ኮድ ወላጁም አለ ብሎ መደምደም የለበትም።

የሰነዱ መኖር ከተረጋገጠ በኋላ የሚመጣው የፊልዶቹ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ዲስኩር ርእሰ ጉዳዮች ሁሉ ረጅም ቆይታ የሚገባውም ይኸው ነው። በዕለት ተዕለት አነጋገር "የለም" የሚለው ቃል ብዙ የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይሸፍናል። በሰነድ ቋት ውስጥ ግን ፊልዱ ጨርሶ ያልተጻፈ መሆኑ፣ ፊልዱ ተጽፎ ዋጋው ናል መሆኑ፣ ፊልዱ አንድም ፊደል የሌለው ባዶ ጽሑፍ መያዙ፣ እንዲሁም ዋጋው 0 መሆኑ አራት የተለያዩ መልእክቶች ናቸው። ናል ማለት "እዚህ ሊኖር የሚገባው ዋጋ የለም" ተብሎ ሆን ተብሎ የሚቀመጥ ምልክት ነው። በእቁቡ ምሳሌ ዕጣ የወጣበት ቀን ናል ከሆነ አባሉ ዕጣው ገና አልወጣለትም ማለት ነው፤ ፊልዱ ከሌለ ግን ሰነዱ የተጻፈው ፊልዱ ከመጨመሩ በፊት በመሆኑ አባሉ ዕጣው ወጥቶለት ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሁለቱን እንደ አንድ የሚያነብ ኮድ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ዕድለኞች አንዱን ለሁለተኛ ጊዜ ዕጣ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ልዩነቱ በኮዱ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በቋቱ የፍለጋ አሠራር ውስጥም ይታያል። ኩዌሪ የሚባለው የፍለጋ ጥያቄ አባላትን ዕጣ በወጣበት ቀን ቅደም ተከተል እንዲያመጣ ሲታዘዝ፣ ፋየርስቶር ያ ፊልድ የሌላቸውን ሰነዶች ከውጤቱ ያወጣቸዋል፤ ዋጋቸው ናል የሆኑትን ግን ከዝርዝሩ መጀመሪያ ያስቀምጣቸዋል። "ከዚህ ዋጋ የተለየ" የሚል ኩዌሪም እንዲሁ ፊልዱ የሌላቸውን ሰነዶች አያመጣም። ምንም የስሕተት መልእክት አይመጣም፣ ምንም ነገር አይወድቅም፤ ሠላሳ አባላት ባሉት እቁብ ውስጥ ሃያ ስድስቱ ብቻ በሥርዓት ተደርድረው ይታያሉ። እንዲህ ያለው ጸጥ ያለ ጉድለት መተግበሪያው ተሰናክሎ ከሚዘጋበት ጉድለት ይልቅ እጅግ የከፋ ነው፤ የተሰናከለውን ሁሉም ሰው ያያል፣ የጎደለውን ግን የጎደለበት ሰው ብቻ ያውቃል።

ናል የሚያመጣው ጣጣ ከሰነድ ቋቶች በፊት የነበረ ነው። እንግሊዛዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ቶኒ ሆር እ.ኤ.አ. በ1965 አልጎል ደብልዩ ለተባለው ቋንቋ ናልን የፈጠረው በቀላሉ ሊሠራ የሚችል ነገር ስለነበረ ብቻ እንደሆነ በ2009 ተናግሮ፣ ባደረሰው ኪሳራ መጠን የቢሊዮን ዶላር ስሕተቱ ብሎ ጠርቶታል። ከዚያ ወዲህ የመጡ ቋንቋዎች ይህን ጣጣ ለማረም ሞክረዋል፤ ለምሳሌ ፍላተር በተባለው መሣሪያ የሚሠሩ የስልክ መተግበሪያዎች የሚጻፉበት ዳርት ከ2021 ጀምሮ ናል ሊሆን የሚችለውን ዋጋ ሊሆን ከማይችለው በዐይነቱ ለይቶ ያስጽፋል። ነገር ግን ቋንቋው ሊጠብቅ የሚችለው በራሱ ግዛት ውስጥ ያለውን ብቻ ነው፤ ከቋቱ የሚመጣው ሰነድ ከውጭ የሚገባ እንግዳ በመሆኑ የቋንቋው ጥበቃ አይደርስበትም። በዳርት ውስጥ በሰነዱ የሌለን ፊልድ በስሙ ጠርቶ ለማግኘት የሚሞክር ኮድ፣ ምንም እንኳ በቋንቋው ሕግ እንከን ባይወጣለት፣ በሥራ ላይ ሳለ ይወድቃል።

ብዙ ባለሙያዎች ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ ነባሪ ዋጋ መተካት ነው፦ ፊልዱ ከሌለ ስሙ "ያልታወቀ"፣ መዋጮው 0፣ ዝርዝሩ ባዶ ይሁን ይላሉ። በጃቫስክሪፕትም በዳርትም ሁለት የጥያቄ ምልክቶችን በማከታተል ይህን በአንድ መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ቀላልነቱም ነው አደገኛ የሚያደርገው። ለአባሉ የመገለጫ ፎቶ ነባሪ ምስል መተካት ማንንም አይጎዳም። ለመዋጮው 0 መተካት ግን ኮዱ ያላወቀውን ነገር እንዳወቀ አድርጎ መናገሩ ነው፤ አባሉ የከፈለው ገንዘብ በቋቱ ውስጥ በሌላ ስም ወይም በሌላ ዐይነት ተቀምጦ ሳለ መተግበሪያው ምንም አልከፈለም ይላል። ነባሪ ዋጋ ተገቢ የሚሆነው "አለመኖር" ራሱ ትርጉሙ የታወቀ በሆነበት ቦታ ብቻ ነው፤ በሌላው ሁሉ ኮዱ አለማወቁን ተሸክሞ ወደፊት ማለፍና ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅ ይገባዋል።

ፊልዱ መኖሩ ደግሞ ዐይነቱ ትክክል ለመሆኑ ዋስትና አይደለም። በእቁቡ መዝገብ የአንዱ አባል መዋጮ 500 የሚል ቁጥር፣ የሌላው "500" የሚል ጽሑፍ ቢሆን፣ ጃቫስክሪፕት ሁለቱን ሲደምር 1000 ሳይሆን 500500 የሚል ጽሑፍ ይሰጣል፤ ከ400 በላይ የከፈሉትን የሚፈልግ ኩዌሪም ጽሑፍ የሆነውን አያየውም፣ ፋየርስቶር በእንዲህ ያለው ንጽጽር የተለያዩ ዐይነቶችን ስለማያቀላቅል። በዳርት በስልክ ላይ ሲነበብ 500 ሙሉ ቁጥር፣ 500.50 ደግሞ ነጥብ ያለው ቁጥር ሆኖ ስለሚመጣ፣ መዋጮውን ሁልጊዜ ነጥብ ያለው ነው ብሎ የወሰደ ኮድ ለወራት በሰላም ሠርቶ ድፍን ብር የከፈለ አባል በመጣ ዕለት ይወድቃል። መድኃኒቱ ዋጋውን መጀመሪያ ሁለቱንም በሚያቅፈው የቁጥር ዐይነት ተቀብሎ ከዚያ መለወጥ ነው፤ ለገንዘብ ግን ከዚህም የሚሻለው መጠኑን በሳንቲም ቆጥሮ በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ ነው። ትልልቅ መለያ ቁጥሮችም የራሳቸው ወጥመድ አላቸው፤ ፋየርስቶር ሙሉ ቁጥርን በ64 ቢት ሲያስቀምጥ፣ የጃቫስክሪፕት ቁጥር ሳይዛነፍ ሊይዝ የሚችለው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ በመሆኑ፣ ከዚህ የሚበልጥ መለያ በንባብ ጊዜ የመጨረሻ አኃዞቹ ሊለወጡ ይችላሉ። እንዲህ ያለ መለያ በጽሑፍ ቢቀመጥ ይመረጣል።

ታይፕስክሪፕትን የሚጠቀሙ ባለሙያዎች ከዚህ ሁሉ የተጠበቁ ይመስላቸዋል፤ ቋንቋው የየዋጋውን ዐይነት በጽሑፍ ስለሚያስገልጽ። እውነቱ ግን እነዚያ መግለጫዎች ኮዱ ወደ ጃቫስክሪፕት ሲተረጐም የሚጠፉ መሆናቸው ነው። ከቋቱ የመጣውን ሰነድ "ይህ አባል ነው" ብሎ በመግለጫ መሰየም ሰነዱን አባል አያደርገውም፤ ቋንቋው የሰጠው ቃል የባለሙያው ቃል እንጂ የመረጃው ምስክርነት አይደለም። ፋየርስቶር ራሱ የሚያቀርበው ኮንቨርተር የተባለ መሣሪያ፣ ማለትም ሰነድ ሲገባና ሲወጣ የሚለውጥ ክፍል፣ በውስጡ ምርመራ ካልተጻፈበት በስተቀር ዐይነቱን በራሱ አያረጋግጥም።

ስለዚህ አስተማማኙ አሠራር በመተግበሪያው ውስጥ አንድ በር ማበጀት ነው። እህል ከጎተራ ወጥቶ ወደ ወፍጮ ከመሄዱ በፊት ተለቅሞና ተበጥሮ ጠጠሩ እንደሚለይ፣ ሰነዱም ወደ ሌላው ኮድ ከመዝለቁ በፊት በአንድ ፋንክሽን ውስጥ ያልፋል፤ ይህ ፋንክሽን ጥሬውን ሰነድ ተቀብሎ እያንዳንዱን ፊልድ መኖሩን፣ ዐይነቱንና ተገቢ መጠኑን መርምሮ ወይ የተሟላ አባል ይመልሳል፣ ወይ የትኛው ፊልድ በምን ምክንያት እንደወደቀ የሚናገር መግለጫ ይመልሳል። ከበሩ ወዲህ ያለው ኮድ ሁሉ የተመረመረ አባል ብቻ ስለሚያገኝ በየመስመሩ መጠራጠር አያስፈልገውም። ምርመራው በየገጹ ተበታትኖ ሲገኝ አንዱ ቦታ መዘንጋቱ አይቀርም፤ በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ግን የመረጃው ቅርጽ በተለወጠ ጊዜ የሚታረመውም አንድ ቦታ ነው። በየሰነዱ ውስጥ የቅርጹን ዕትም የሚናገር አንድ ቁጥር ማስቀመጥ ለዚህ በር ትልቅ እገዛ ይሰጠዋል፤ በሩ ዕትሙን አይቶ የመጀመሪያውን ወር ሰነድ በመጀመሪያው ወር ሕግ፣ የአምስተኛውን በአምስተኛው ሕግ ያነበዋል። ብዙ ሰነዶች በአንድ ጊዜ ሲነበቡ የአንዱ መበላሸት የሌሎቹን ንባብ ማስቆም የለበትም፤ ነገር ግን የተበላሸው ሰነድ በዝምታ ከዝርዝሩ መውጣትም የለበትም፣ ተለይቶ ተቆጥሮ መመዝገብ አለበት እንጂ።

ለኢትዮጵያውያን ተጠቃሚዎች የሚሠራ መተግበሪያ በዚህ በር ላይ ሌሎች መመርመሪያዎች ያስፈልጉታል። ቀን በጽሑፍ መልክ "05/01/2016" ተብሎ ቢቀመጥ፣ ይህ ጽሑፍ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 5 ቀን 2016 ሊሆን ይችላል፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ደግሞ ቀንን በሚያስቀድሙ አገሮች ጃንዋሪ 5፣ ወርን በሚያስቀድሙት በአሜሪካውያን ዘንድ ሜይ 1 ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻዎቹ ሁለት ንባቦች ከሰባት ዓመት በላይ ይራራቃሉ፤ የትኛው እንደታሰበ ከጽሑፉ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት በሌላው አቆጣጠር 8 ሰዓት ነው፣ እቁቡ በአዲስ አበባና በዋሽንግተን የሚኖሩ አባላት ካሉት ደግሞ የሰዓት ቀጠናው ልዩነት ይጨመርበታል። ፋየርስቶር ለዚህ ታይምስታምፕ የተባለ የጊዜ ዐይነት አለው፤ ጊዜውን በዓለም አቀፉ ሰዓት እ.ኤ.አ. ከ1970 መጀመሪያ አንሥቶ በተቆጠረ ሰከንድ ስለሚይዘው በማንኛውም የዘመን አቆጣጠር ሊገለጽ ይችላል። ቀኑ በዚህ ዐይነት ተቀምጦ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚለወጠው ለዐይን በሚቀርብበት ቦታ ብቻ ሲሆን አሻሚነቱ ይወገዳል።

የግእዝ ፊደል ጉዳይም አለ። "ኃይሉ"፣ "ሃይሉ" እና "ሐይሉ" ለአማርኛ አንባቢ አንድ ስም ናቸው፤ ለቋቱ ግን ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው፣ ስለዚህ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው የሚፈልግ ኩዌሪ ሰውየውን አያገኘውም። ለዚህ የሚረዳው፣ ባለቤቱ የጻፈው ስም እንዳለ ተጠብቆ፣ በአጠገቡ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ የመፈለጊያ ፊልድ ማስቀመጥ ነው። የአባላቱ ስምም የራስ፣ የአባትና የአያት እንጂ የቤተሰብ ስም ስላልሆነ፣ ሌላ ቦታ ከተዘጋጀ ንድፍ የተቀዳ "የቤተሰብ ስም የግድ ነው" የሚል ምርመራ እዚህ ትክክለኛ ሰነዶችን ይጥላል። መጠንም ይለያያል፤ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ስለሚይዝ፣ 1,048,576 ባይት ወሰን ባለው አንድ ሰነድ ውስጥ ሌላ ነገር ባይኖርበት እንኳ ከ349,000 ጥቂት የሚበልጡ ፊደላት ብቻ ይገባሉ።

እስካሁን የተነገረው ስለ ሰነዱ ይዘት ነው። የተነበበው መቼ የነበረ መረጃ ነው የሚለው ጥያቄም እኩል ክብደት አለው። ፋየርስቶር በአንድሮይድና በአይፎን ላይ ያነበባቸውን ሰነዶች ካሽ በሚባል የስልኩ ጊዜያዊ ማከማቻ ስለሚይዝ፣ ኔትወርክ በተቋረጠ ጊዜም ንባቡ ይቀጥላል። መስመር በሚቆራረጥበት አገር ይህ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን የተነበበው የትናንቱ ሊሆን እንደሚችል ኮዱ ማወቅ አለበት። መስመር በሌለበት ጊዜ አንድን ሰነድ በመለያው መጠየቅና ሰነዱ በካሽ ውስጥ አለመኖሩ የስሕተት መልእክት ያስከትላል፤ ኮሌክሽንን በኩዌሪ መጠየቅ ግን በካሽ ውስጥ ምንም ከሌለ ያለ አንዳች ስሕተት ባዶ ውጤት ይመልሳል። ይህን ባዶ ውጤት አይቶ "እቁቡ አባል የለውም" የሚል ጽሑፍ ለተጠቃሚው የሚያሳይ መተግበሪያ ሐሰት ተናግሯል። ስናፕሾቱ ከካሽ የመጣ መሆን አለመሆኑን የሚናገር ምልክት ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ፣ ኮዱ ባዶነትን ከማወጁ በፊት ያን ምልክት ማየት ይገባዋል፤ ገንዘብን ለመሰለው ጉዳይ ደግሞ ንባቡ ከሰርቨር ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል።

ሌላም ስውር ቅጽበት አለ። ጸሐፊው መዋጮ ሲመዘግብ ሰዓቱን ሰርቨሩ ራሱ እንዲሞላው ከተደረገ፣ ሰርቨሩ መልስ እስኪሰጥ ድረስ በጸሐፊው ስልክ ላይ ሰነዱን የሚከታተለው ኮድ ያንን ፊልድ ናል ሆኖ ያገኘዋል። ጊዜው ከአንድ ሰከንድ ሊያንስ ይችላል፤ በዚያች ቅጽበት ግን ሰዓቱ የግድ አለ ብሎ የተጻፈ ኮድ ይወድቃል፣ ባለሙያው ለመመርመር ሲቀመጥ ደግሞ ሰነዱ ሞልቶ ይጠብቀዋል።

በመጨረሻ የሚታየው የመብት ጉዳይ ነው፤ "በጥንቃቄ ማንበብ" ሲባል ኮዱ እንዳይወድቅ ብቻ ሳይሆን የማይገባው ሰው እንዳያነብም ማለት ነውና። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 ያለ ይለፍ ቃል ለኢንተርኔት ክፍት ሆነው የቆዩ ብዙ የሞንጎዲቢ ቋቶች በአጥፊዎች ተደምስሰው በምትካቸው የገንዘብ መጠየቂያ መልእክት ተቀምጦባቸው ተገኝቷል። ፋየርስቶር ከስልክ በቀጥታ የሚነበብ በመሆኑ በመካከሉ የሚቆመው ዘበኛ የደኅንነት ደንቦች የሚባሉት፣ ማን የትኛውን ሰነድ ማንበብና መጻፍ እንደሚችል የሚወስኑ ትእዛዛት ናቸው። በሥራ መጀመሪያ የሚመረጠው የሙከራ ሁኔታ ለ30 ቀን ለማንም ክፍት ነው፤ ቀኑ ሲያልቅ ንባቡ ይከለከላል፤ በዚያን ጊዜ ሥራው እንዳይቆምበት ብሎ ደንቡን "ሁሉም ያንብብ" ወደሚል የሚለውጥ ሰው የአባላቱን ስልክና ገንዘብ ለዓለም ይከፍታል። "የገባ ተጠቃሚ ሁሉ ያንብብ" የሚለው ደንብም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ማንም ሰው አካውንት ከፍቶ መግባት ይችላልና።

ደንቦቹ የሚሠሩት በሰነድ ደረጃ መሆኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንድን ሰነድ ከስልክ የማንበብ ፈቃድ ያገኘ ሰው ሰነዱን ከነሙሉ ፊልዶቹ ያገኛል፤ መተግበሪያው ስልክ ቁጥሩን በገጹ ላይ ስላላሳየው ብቻ ቁጥሩ አልተሰወረም። የአባሉ ስም ለሁሉም አባላት፣ ስልኩ ግን ለዳኛውና ለጸሐፊው ብቻ እንዲታይ ከተፈለገ ሁለቱ በተለያዩ ሰነዶች መቀመጥ አለባቸው። ደንብ ወንፊት አለመሆኑም እንዲሁ ይዘነጋል፤ ኩዌሪው ሁሉንም ሰነድ ከጠየቀና ደንቡ የተወሰኑትን ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ፋየርስቶር የተፈቀዱትን ለይቶ አይሰጥም፣ ጥያቄውን በሙሉ ይከለክላል። የፊልድ አለመኖርም በደንቡ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል። የሰነዱን ባለቤት ከፊልድ አንብቦ የሚወስን ደንብ፣ ያ ፊልድ ወይም ሰነዱ ራሱ ከሌለ በስሕተት ስለሚቋረጥ ውጤቱ ክልከላ ይሆናል፤ ስለዚህ "ፈቃድ የለም" የሚለው መልእክት አንዳንድ ጊዜ "ሰነዱ የለም" ማለት መሆኑን የንባቡ ኮድ ማወቅ አለበት። በሰርቨር ላይ የሚሠራው ላይብረሪ ደግሞ በእነዚህ ደንቦች ጨርሶ አይገዛም፤ እዚያ ዘበኛው ኮዱ ራሱ ነው።

እነዚህ ሁሉ ምርመራዎች ወደ ተጠቃሚው የሚደርሱት በቃላት ነው። የእቁቡ ዳኛ ዕጣ ሊያወጣ ስልኩን ሲከፍት መተግበሪያው "29 አባላት ተነብበዋል፤ የ1 አባል መዋጮ ሊነበብ አልቻለም፤ ይህ መረጃ የመጣው ከስልኩ ማከማቻ ነው" ብሎ ሊነግረው፣ የዕጣ ማውጫውንም ለጊዜው ሊዘጋው ይገባል። ጸሐፊው በዚያን ጊዜ የወረቀት መዝገቡን ገልጦ የአባሉን መዋጮ ያነባል፣ በሰነዱ ውስጥ "500" ተብሎ በጽሑፍ የገባውን ዋጋ በቁጥር ያርማል፣ መስመሩ ሲመለስ ንባቡ ከሰርቨር ይደገማል፣ ሠላሳውም ስም ከታየ በኋላ ዕጣው ይወጣል።